አሮስቶ ለምን አራት ሰዓት ይፈልጋል?

ለአሮስቶ የተጣደ ሥጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሹካ ሲወጋ፣ ገና ጥሬ ሳለ ከነበረው ይልቅ ጠንክሮ ይገኛል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሰፈር «አልበስል አለ እኮ! ያረጀ በሬ ነው የሸጡልኝ» ተብሎ ባለ ሉካንዳው ሲወቀስ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሥጋው ግን ገና መንገድ ላይ ነው።

ሥጋ ውስጥ ሁለት ነገር እናብስላለን። አንዱ ቀዩ ክር ነው፤ ሙቀቱ 60 ዲግሪን ሲያልፍ ይኮማተርና እንደሚጨመቅ ልብስ ውኃውን ይተፋል። ሌላው ክሮቹን አቅፎ የያዘው ነጩ ጅማትና ስስ ሽፋን ነው፤ ኮላጅን ይባላል። ይህ ቀልጦ ጄላቲን ይሆናል፤ የአጥንት መረቅ ሲያድር የሚያረጋው እሱ ነው። ለመቅለጥ ግን ከ70 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት መቆየት አለበት። ክሩ በደቂቃዎች ይኮማተራል፣ ጅማቱ ገና አልቀለጠም፤ ያ አስቸጋሪ ሰዓት በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጭቅና ለአሮስቶ አይሆንም። ጅማት ስለሌለው ውኃውን ተፍቶ ይደርቃል፣ የሚተካለትም የለም። ወርች ወይም ፍሪምባ ግዙ፤ ዋጋውም ይሻላል። የእኛ በሬ ብዙ ጊዜ እርሻ ላይ ውሎ የደለበ ስለሆነ ጅማቱ በዕድሜ ጠንክሯል። ሉካንዳ የምናገኘው ሥጋ ደግሞ በአብዛኛው የዕለቱ እርድ ነው። ለቁርጥ የምንመርጠው እሱን ነው፤ ለአሮስቶ ግን ሁለት ሦስት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ቢያርፍ ይለሰልሳል።

አሮስቶ እንደ ፒያሳ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ጥብስ ነው። በቤታችን ግን አንድ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ፣ ክዳኑ በተገጠመ ድስት፣ በጥቂት መረቅ ቀስ ብሎ የሚበስል ምግብ ሆኗል። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢል አትመኑት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለተቀመጠች እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰል ቢቆለልበት መረቁ ይደርቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። በኦቨን ቢሆንም ያው ነው። እሳት የማይሰጠውን ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚህ የሚያመልጠው ፕሬዠር ኩከር ብቻ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል፣ ሥጋውም በአንድ ሰዓት ከምናምን ይደርሳል። እኔ ግን የድስቱን መረቅ እመርጣለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሥጋውን ማታ ጨውና ቁንዶ በርበሬ አሹት። ጠዋት በጨርቅ አድርቁትና በጋለ ዘይት በየጎኑ ቡናማ እስኪሆን አቁላሉት። እርጥብ ሥጋ ይቀቀላል እንጂ አይጠቁርም፤ ያ መልካም ሽታ የሚመጣው የሥጋው ገጽ ከ140 ዲግሪ ሲያልፍ ነው። ሥጋውን አውጥታችሁ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቂት ቲማቲም በዚያው ዘይት አቁላሉ፤ የጥብስ ቅጠል ጨምሩ። ሥጋውን መልሱና እስከ ግማሹ የሚደርስ ውኃ ወይም ቀይ ወይን አፍሱበት። ከድናችሁ እሳቱን አሳንሱ፤ መረቁ አልፎ አልፎ ብቻ ቡልቅ ይበል። ካሮትና ድንች ከመጀመሪያው ከገቡ ይፈርሳሉ፤ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ይበቃቸዋል።

ሲወጣ ወዲያው አትቁረጡት። መረቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ የተፋውን ጥቂት ይመልሳል። ከዚያ ክሩን አቋርጣችሁ ቁረጡ።

ሰዓት አትቁጠሩ፤ ሹካ ውጉበት። ያለ ትግል ከገባ ደርሷል። ካልገባ ክዳኑን መልሱና ሌላ ግማሽ ሰዓት ስጡት።