የታይሮይድ ኪኒንና የጠዋት ቡና

«ሃሺሞቶ አለብሽ» የተባለች ሴት ከክሊኒክ ወጥታ ቤቷ ሳትደርስ ምክሩ ቀድሟት ይጠብቃታል። አንዷ «ስንዴ የሚባል ነገር እንዳትነኪ» ትላታለች። ሌላዋ «ዕጢውን የሚያሳብጠው ጎመን ነው» ብላ ታስፈራራታለች። አክስቷ ጥቁር አዝሙድ በማር ታዘጋጃለች፤ ውጭ አገር ያለችው እህቷ ደግሞ «ለታይሮይድ» ተብሎ የተጻፈበት ብልቃጥ በሰው ትልካለች። ሁሉም ከፍቅር የመጣ ነው። ከምክሩ መካከል ግን እውነት ያለበት አለ፣ ባይጠቅምም የማይጎዳ አለ፣ በሽታውን የሚያባብስም አለ። ለመለየት የሚረዳው ነገር ይኸው ነው፦ ምግብና ሰፕሊመንት የጠፋውን ሆርሞን አይተኩም። ነገር ግን የሚዋጠው ኪኒን ወደ ደም እንዲገባ ወይም እንዳይገባ ያደርጋሉ፤ የጎደለ ንጥረ ነገር ካለ ይሞላሉ፤ ከልክ ሲያልፉ ይጎዳሉ።

የታይሮይድ ዕጢ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሚያመርተው ሆርሞን ሰውነት ጉልበቱን በምን ፍጥነት እንደሚጠቀም ይወስናል፤ የልብ ምት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የወር አበባ ሁሉ ከዚህ ሆርሞን ጋር የተያያዙ ናቸው። በሃሺሞቶ ሕመም፣ ከጀርም ሊጠብቀን የሚገባው የመከላከያ ሥርዓት ዕጢውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። በሽታውን መጀመሪያ የገለጸው ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1912 ከአራት ሴቶች የወጣ የዕጢ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በነጭ የደም ሴሎች ተወሮ አገኘው። ጥቃቱ ከራሱ ከሰውነት የሚነሣ መሆኑ የታወቀው ግን በ1956 ነው። በዚያ ዓመት የለንደን ተመራማሪዎች በሕሙማኑ ደም ውስጥ በገዛ ዕጢያቸው ላይ የተነሡ ፀረ እንግዳ አካላት አገኙ።

ጥቃቱ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። እንቅልፍ የማይፈታው ድካም፣ ሰው ሁሉ ሳይበርደው ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የጸጉር መነቃቀል፣ የወር አበባ መብዛት፣ መርሳት፣ ድብርት ቀስ በቀስ ይገባሉ። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ስለሚያጠቃ «ድካም ነው»፣ «ወልዳ ነው»፣ «ሐሳብ ነው» እየተባለ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። መለየቱ ግን ከባድ አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ ታይሮይድን «ሥራ» ብላ የምታዝበት ሆርሞን ቲኤስኤች ይባላል፤ ታይሮይዱ ሲደክም ትእዛዙ እየበዛ ስለሚሄድ በደም ምርመራ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ፀረ እንግዳ አካል ተገኝቶበት ቲኤስኤቹ ገና ጤነኛ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን በየጊዜው መመርመር ነው።

ዕጢው በቂ ሆርሞን ማምረት ሲያቅተው የሚሰጠው ሊቮታይሮክሲን ዕጢው ራሱ ያመርተው የነበረው ሆርሞን ትክክለኛ አምሳያ ነው። የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለትም በአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ስለሆነ ጥቂት መጉደል ወይም መብዛት ለውጥ ያመጣል። የማዕዱ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያገባንም እዚህ ላይ ነው። ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ ተውጦ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ያህል ምንም ሳይከተለው መቆየት አለበት።

አሁን የአንድ ቤት ጠዋት እናስብ። ከሰሉ ተያይዟል፣ ቡናው ተቆልቶ ተወቅጧል፣ ጀበናው ተጥዷል። የቤቱ እመቤት ኪኒኗን ረስታው ኖሮ አቦሉ ሲቀዳ ትዝ ይላታል፤ አንድ ጉንጭ ውሃ፣ ኪኒን፣ ወዲያው ሲኒ። እ.ኤ.አ. በ2008 የጣሊያን ሐኪሞች እንዲሁ ኪኒኑን ከኤስፕሬሶ ጋር የሚወስዱ ሕሙማንን አጥንተው ቡናው ከአንጀት ወደ ደም የሚገባውን መድኃኒት እንደሚቀንሰው አሳይተዋል። የኛዋ ሴት ሐኪሟ ዘንድ ስትሄድ ቲኤስኤቿ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሐኪሙ የቡናውን ነገር ስላልጠየቀ መጠኑን ይጨምርላታል። ለአንድ ወር ገጠር ስትሄድ ቡናዋ ረፈድ ይላል፤ ያን ጊዜ የተጨመረው ሁሉ ደሟ ውስጥ ይገባና ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ ታጣለች። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ቡናውን መተው አያስፈልግም፤ ከአልጋ ሲወርዱ ኪኒኑን መዋጥና ቡናው እስኪፈላ መጠበቅ ይበቃል። የቡናችን ሥርዓት ረጅም መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከመቁላት እስከ አቦል ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ይሞላል።

ከቡና የባሱም አሉ። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታልና ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ሶያም መግባቱን ይቀንሳል፤ በጾም ወቅት ቁርስን በሶያ ወተት የሚተኩ ሰዎች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነው። እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የጨጓራ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የኪኒኑ መጠን መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል። ጠዋት የማይመቸው ማታ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት ሊወስደው ይችላል። ዋናው አንዱን መርጦ በዚያው መጽናት ነው። መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ደም የሚመረመረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚገኘው ቁጥር ያሳስታል።

ጾም የሚያስጨንቃቸው ብዙ ናቸው፤ ጭንቀታቸውም ተገቢ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የማይቀምስ ምእመን ኪኒኑን ወደ መኝታ ሰዓት ማዛወር ይችላል። በረመዳንም ከኢፍጣሩ ምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ወይም ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መውሰድ ይቻላል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 7 ቀን ያህል ስለሚፈጅበት የሰዓት ለውጡ አይጎዳም። ይኸው ባሕርዩ ግን ሰውን ያታልላል። ለሱባኤ ወይም ለጠበል የሄደ ሰው ኪኒኑን አቋርጦ ሁለት ሳምንት ደኅና ሊሰነብት ይችላል፤ «ዳንኩ» ብሎ ይተወዋል፤ ድካሙና ብርዱ የሚመለሱት ሁሉም ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ጸሎቱም ጠበሉም ከኪኒኑ ጋር አይጣሉም። እባካችሁ አታቋርጡት።

ወደ አዮዲን እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ነው፤ አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ያስፈልገዋል። አዮዲን ሲጎድል ዕጢው ያብጣል፣ እንቅርት ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ለብዙ ትውልድ የታየው ይህ ነው። ጨው ከአሰብና ከምፅዋ ሲመጣ በነበረበት ዘመን አዮዲን መጨመር ተጀምሮ ነበር፤ ከኤርትራ መለየት በኋላ ያ መስመር ተቋርጦ ገበያው ወደ አፋር ጨው ዞረ፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በመንግሥት ደንብ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስለዚህ «ታይሮይድ» ሲባል ወደ አእምሯችን ቶሎ የሚመጣው የአዮዲን እጥረት ቢሆን አይገርምም። ሃሺሞቶ ግን ሌላ በሽታ ነው። ዕጢው የተጎዳው በመከላከያ ሥርዓቱ ስለሆነ አዮዲን ማብዛት አያድነውም፤ እንዲያውም ጥቃቱን ሊያባብስ፣ የደከመውንም ዕጢ ጨርሶ ሊያቆም ይችላል። በሃሺሞቶ በራሱ አገር፣ በሰሜን ጃፓን በሆካይዶ የባሕር ዳርቻ፣ የባሕር አረም አብዝተው የሚበሉ ሰዎች ከአዮዲን ብዛት ዕጢያቸው እንደሚያብጥ ታይቷል። «ለታይሮይድ» ተብለው የሚሸጡ ብዙ ብልቃጦች ውስጥ ያለው ይኸው ኬልፕ የተባለ የባሕር አረም ነው። ለሃሺሞቶ ሕመምተኛ ይህን መስጠት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ መጨመር ነው።

ታዲያ ጨውስ? በልክ የሚጨመር አዮዲን ያለው ጨው መተው የለበትም። ክዳን ባለው ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእንፋሎት ርቆ ይቀመጥ፤ ከምድጃው አጠገብ ተከፍቶ የሚውል ጨው አዮዲኑን ያጣል። ወጡ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ይመረጣል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖች ደግሞ የሚገዙት ሮዝ የሂማላያ ጨው ወይም ኮሸር ጨው አብዛኛውን ጊዜ አዮዲን እንደሌለበት ይወቁ።

ሴሌኒየም ከአዮዲን የተሻለ ስም አለው፤ ስሙም ባዶ አይደለም። ዕጢው ውስጥ ብዙ ሴሌኒየም አለ፤ በቀን 200 ማይክሮግራም በተሰጠባቸው በርካታ ጥናቶች የፀረ እንግዳ አካላቱ ቁጥር ቀንሷል። ነገር ግን ቁጥሩ ሲቀንስ የሰውየው ድካም አብሮ ቀነሰ፣ ወይም ኪኒኑ ቀረለት የሚያሰኝ የጸና ማስረጃ የለም። አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው 55 ማይክሮግራም ሲሆን ከእንቁላል፣ ከዓሣና ከሥጋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት በኢትዮጵያና በማላዊ የሚበቅል እህል የያዘው ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ እጅግ እንደሚለያይ አሳይቷል፤ ስለዚህ የአንዱ አካባቢ ሰው የሚጎድለው ለሌላው ትርፍ ሊሆን ይችላል። በቀን ከ400 ማይክሮግራም በላይ ሲሆን መርዝ ነው፤ ጸጉር ያረግፋል፣ ጥፍር ይሰባብራል። ጸጉሯ ስለረገፈ ሴሌኒየም የጀመረች ሴት ጸጉሯ ይበልጥ ሲረግፍ መጠኑን እንዳትጨምር እሰጋለሁ።

ስንዴን የመተው ምክር መነሻ አለው። ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሴሊያክ የተባለው በሽታ በሃሺሞቶ ሕሙማን ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተንን ሙሉ በሙሉ መተው አለበት፤ አንጀቱ ሲድን ኪኒኑም የበለጠ ይገባል። ሴሊያክ የሌለበት ሰው ግን ስንዴ በመተው ዕጢው እንደሚድን አልተረጋገጠም። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚደረገው ስንዴ እየበሉ ነው፤ አስቀድሞ ማቆም ውጤቱን ይሰውረዋል። በተጨማሪም ስንዴ ትቶ በሶና የገብስ ቆሎ የሚበላ ሰው ግሉተን አልተወም፤ ገብስም አለውና። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይገባበታል። ጋጋሪዋን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጎመን ምንም አላጠፋም። በጥሬው ተጨፍልቆ በየቀኑ በብዛት ካልተጠጣ በቀር፣ እኛ እንደምናበስለው የበሰለ ጎመን አዮዲን ያልጎደለውን ሰው አይጎዳም።

ጥቁር አዝሙድስ? በኢራን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት 40 የሃሺሞቶ ሕሙማንን ከፍሎ ለአንዱ ወገን በቀን 2 ግራም የጥቁር አዝሙድ ዱቄት ለ8 ሳምንት ሰጥቶ ቲኤስኤችና ፀረ እንግዳ አካላት ሲቀንሱ አይቷል። ደስ የሚል ጅምር ነው፤ 40 ሰውና 8 ሳምንት ግን ኪኒን ለማስጣል አይበቃም። በዳቦውና በበርበሬው ላይ ያለው ይቀጥል፤ በመድኃኒት መልክ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

የብልቃጦቹን ነገር በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ሐኪሞች ያለ ማዘዣ የሚሸጡ 10 የ«ታይሮይድ ድጋፍ» ሰፕሊመንቶችን መርምረው በ9ኙ ውስጥ ቲ3 የተባለውን የታይሮይድ ሆርሞን፣ በ5ቱ ውስጥ ደግሞ ቲ4 የተባለውን አግኝተዋል። ወስጄው በረታሁ የሚል ሰው ሳያውቅ ሆርሞን እየወሰደ ሊሆን ይችላል። ለጸጉርና ለጥፍር የሚሸጠው ባዮቲንም በሌላ መንገድ ያሳስታል። ሰውነት በቀን የሚፈልገው 30 ማይክሮግራም ሆኖ ሳለ ብልቃጡ ላይ 5,000 ወይም 10,000 ተጽፎ ይገኛል። ይህ ብዛት ዕጢውን ሳይሆን የላቦራቶሪ ምርመራውን ያዛባል፤ ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ሆርሞኑን ከፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ሐኪሙ መጠን ቀንሶ በሽተኛዋን ሊጎዳ ይችላል። ከደም ምርመራ በፊት ቢያንስ 2 ቀን መቆም አለበት።

በእርግጥ ሊጎድሉ የሚችሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ተመርምሮ መሙላት ይገባል። ብረት ዕጢው ሆርሞን ለሚሠራበት ኤንዛይም ያስፈልጋል፤ የወር አበባ የሚበዛባት ሴት ደግሞ ብረቷ ይጎድላል። ቫይታሚን ቢ12 የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ረጅም ጾም የሚጾም፣ ወይም የመከላከያ ሥርዓቱ ጨጓራውንም የሚያጠቃበት ሰው ሊያጣው ይችላል። ቫይታሚን ዲ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከቤት ሳይወጡ በሚሠሩ እህቶቻችንና በአውሮፓ ክረምት በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ይጎድላል። እነዚህን መሙላት ሃሺሞቶን አያጠፋም፤ «ኪኒኑን እየወሰድኩ ለምን ይደክመኛል?» ለሚል ሰው ግን ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ይገኛል።

እርግዝና ለብቻው ይታያል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሆርሞን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ስለሆነ ኪኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር መጠኗ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ እርግዝናው እንደታወቀ የቅድመ ወሊድ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ሳምንት ሐኪሟን ታግኝ። የሚታዘዝላት የእርግዝና ቫይታሚን ብረትና ካልሲየም ስለሚኖረው ኪኒኑን ጠዋት በውሃ፣ ቫይታሚኑን ከምሳ በኋላ ታድርገው።