ተጨማሪ መረጃ፦ የኢጂአር ቫልቭ ይጸዳ ወይስ ይቀየር?

የኢጂአር ቫልቭ ከሞተር የሚወጣውን ጭስ በከፊል ወደ ሲሊንደር እየመለሰ የቃጠሎውን ሙቀት ያበርዳል፤ በዚህም ሳንባን የሚጎዳው የናይትሮጅን ኦክሳይድ ይቀንሳል። በናፍጣ ሞተር ግን የጭሱ ጥላሸት ከዘይት ተን ጋር ተጣብቆ ቫልቩን ያደነዝዘዋል። ድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናት። በከዚራና በመጋላ ሰፈሮች መካከል እየቆመ፣ ቀስ እያለ የሚሄድ መኪና ቫልቩ አዘውትሮ ስለሚከፈት ጥላሸት ይጠራቀማል። ያው መኪና 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማ ተነስቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ሲወጣ ግን ሞተሩ ንጹህ አየር በብዛት ስለሚፈልግ ቫልቩ መዘጋት አለበት። ክፍት እንደሆነ ከተያዘ ጉልበት ይጠፋል፤ ጥቁር ጭስም ይግተለተላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከጥላሸት ስለሆነ መጀመሪያ ማጽዳት ይሻላል። «በላሜራ መድፈን ይቀላል» የሚሉ አሉ፤ መድፈን ግን ጥላሸቱን ከቫልቩ ቢያስቀርም መርዛማውን ጋዝ ይጨምራል፣ በብዙ መኪኖችም የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። «የጸዳው ተመልሶ ይደፈናል» የሚለው መከራከሪያ እውነትነት አለው፤ ሆኖም የኢንጀክተር ብልሽት፣ የተዘጋ የአየር ፊልትሮ ወይም የቱርቦ ዘይት ማፍሰስ ካልተስተካከለ አዲሱም ይደፈናል። መቀየር የሚገባው በዋናነት የቫልቩ ኤሌክትሪክ ሞተር ሲቃጠል ወይም ዘንጉ ሲበላ ነው። ሲጸዳ ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ባትሪው ይነቀል፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ማጽጃ አይንካው፤ ሲገጠምም ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን።