«ጀይላን»፦ ከካስፒያን ባሕር ዳርቻ እስከ አርሲ ደጋ የተጓዘው ስም



በአሰላ፣ በኢተያ ወይም በበቆጂ የተማሪዎችን መዝገብ የገለጠ ሰው «ጀይላን» የሚለውን ስም ደጋግሞ ያገኘዋል። ለአንዱ የራሱ ስም ነው፤ ለሌላው የአባቱ ወይም የአያቱ። በመምህርነት በቆየሁባቸው ዓመታት «ትርጉሙ ምንድን ነው?» እያሉ የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ነበሩ። በዐረብኛ መዝገበ ቃላት እንደ «ከሪም» ወይም «ጀማል» ፍቺ ቢፈልጉለት አይገኝም፤ ምክንያቱም መነሻው የአገር ስም ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

ጊላን ዛሬ በሰሜን ኢራን፣ በካስፒያን ባሕር ዳርቻ ያለ ክፍለ ሀገር ነው። በዐረብኛ ፊደል «ገ» ስለሌለ ዐረቦች አገሩን «ጂላን»፣ አንዳንዴም «ከይላን» ብለው ጻፉት። ሸይኽ ዐብዱልቃድር (ረሒመሁላህ) በ470 ዓመተ ሂጅራ ገደማ (እ.ኤ.አ. 1077) በዚያ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ለዒልም ወደ ባግዳድ ሄደው የሐንበሊ መዝሀብ ታላቅ ዓሊም ሆኑ፤ በ561 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1166) እዚያው አረፉ። «አል-ጂላኒ» ማለት «የጂላን ሰው» ማለት ነው፤ ልክ ኢማም አል-ቡኻሪ በቡኻራ ከተማ እንደሚጠሩት።

በስማቸው የሚጠራው የቃዲሪያ ጦሪቃ በዑለማእና በነጋዴዎች አማካኝነት ወደ ሐረር ደረሰ፤ ከዚያም ወደ መሀል አገር ዘለቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ እስልምና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ በስፋት ሲሰራጭ የሸይኾቹም ስም አብሮ ገባ። በባሌው ሸይኽ ሑሴን ልጁን «ኑር ሑሴን» ያለ አባት፣ በባግዳዱ ሸይኽ ደግሞ «ጀይላን» አለው።

ስም ሌላ፣ የዘር መጠሪያ ሌላ

ይኸው ስም በሌሎች አገሮች ከአባት ወደ ልጅ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1920 የኢራቅ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዐብዱረሕማን አል-ከይላኒ ከሸይኹ ዘር የሚቆጠሩ ነበሩ። ከ2008 እስከ 2012 የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ዩሱፍ ረዛ ጊላኒም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

በቻይና ደግሞ የሁዊ ሙስሊሞች ብዙውን ጊዜ «ማ» የሚል የቤተሰብ ስም አላቸው። ቃሉ በቻይንኛ «ፈረስ» ማለት ሲሆን ከእስልምና በፊትም የነበረ መጠሪያ ነው። ሙስሊሞቹ የመረጡት «ሙሐመድ» የሚለውን ስም በቻይንኛ ሲጽፉ ከድምፁ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከ1405 ጀምሮ የቻይናን መርከቦች እየመራ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ የደረሰው ዠንግ ሄ ሲወለድ «ማ ሄ» ይባል ነበር።

በአርሲ ግን «ጀይላን» ጎሳን አያመለክትም። የአርሲ ሰው ዘሩን የሚቆጥረው ከሲኮና ከመንዶ ጀምሮ በሚወርደው የጎሳ ሐረግ ነው። ስለዚህ አባታቸው «ጀይላን» የሚባል ሁለት ሰዎች ምንም ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል። ስሙ የሚናገረው የአባቶችን ውዴታ እንጂ የደም ትስስርን አይደለም።

ባሕር ማዶ ሲሻገር

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የባሌው ተወላጅ አትሌት ኢብራሂም ጀይላን እ.ኤ.አ. በ2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ የውጭ ጋዜጠኞች «ጀይላን» አሉት። በእኛ ልማድ ግን የጠሩት አባቱን ነው።

ለሯጭ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ለስደተኛ ቤተሰብ ግን አይደለም። አሕመድ ጀይላን የሚባል ሰው ውጭ አገር ልጅ ወለደ እንበል። በእኛ ደንብ ልጅቱ ፋጡማ አሕመድ ናት። በዚያ አገር ልማድ ግን «ፋጡማ ጀይላን» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። ያ ወረቀት አሰላ ሲደርስ ፋጡማ የአሕመድ ልጅ ሳትሆን እህቱ ትመስላለች። ሚስቱም በዚሁ ስም ከተመዘገበች እርሷም እህቱ መሰለች። በዚያ ላይ በላቲን ፊደል አንዱ ወንድም «ጀይላን»ን በ«ዋይ»፣ ሌላው በ«አይ» ጽፎት ከሆነ፣ የአንድ አባት ልጆች በወረቀት ባዕዳን ይሆናሉ። የውርስ ጉዳይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ይህ ሁሉ ምስክርና ማስረጃ ይጠይቃል።

ቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ያዛል። የነሰብ ጥበቃ በዲናችን የኒካሕም የውርስም መሠረት ነውና። ባሕር ማዶ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አገሩ የሚፈቅድ ከሆነ የአባትን ስም በመካከል አስጽፉ፤ የሁሉም ልጆች አጻጻፍ አንድ ይሁን። የማይፈቅድ ከሆነም የራሳችሁን፣ የአባታችሁን፣ የአያታችሁንና የጎሳችሁን ስም በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ። አዛውንቶች በቃል የሚቆጥሩትን ሐረግ፣ እነርሱ በሕይወት ሳሉ መጻፍ የእኛ ድርሻ ነው።

ወላሁ አዕለም።