ለጋይንት የሚያዋጣው ማሽኑ ነው ወይስ አንባቢው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። በሽታው ራሱ ሲደበቅስ? በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ጨርሶ ሳሉ አልለቅ ያለው ሰው፣ ነቀርሳው ቢድንም የአየር ቧንቧዎቹ ተጎድተውና ሰፍተው ቀርተው ሊሆን ይችላል። አክታ እዚያ እየረጋ መተላለፊያውን ይዘጋል። ሐኪሞች ብሮንካይክታሲስ ይሉታል።

ይኸው መዘጋት በውጭው ዓለም በሰፊው የተጠናው ሲስቲክ ፋይብሮሲስ በተባለው በዘር በሚተላለፍ በሽታ ነው። ሐኪሙ በሲቲ ስካን የተዘጋውን የሳንባ ክፍል ለይቶ ያያል። ሕመምተኛው በየትኛው ጎኑ ተኝቶ አክታውን ቢያወጣ እንደሚሻል ከዚያ ይታወቃል። አክታውን የሚያቀጥን ጨዋማ ውኃም በኔቡላይዘር ይስባል። ልብ ይበሉ፤ ውዱ ምስሉ ነው፤ ማስተንፈሻ ስፖርቱና ጨዋማው ውኃ ግን ርካሽ ናቸው።

እንግዲህ ገንዘቡን በምርመራ መሣሪያ ላይ ለማዋል ያሰበ ባለ ሀብት ሒሳቡን በዚህ ይጀምር። ሲቲ ስካን የግዢ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ የማይቆራረጥ መብራት፣ የጥገና ውል፣ የጨረር ፈቃድና ራዲዮሎጂስት ይፈልጋል። ጨረሩም ከተራ ራጅ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ለነፋስ መውጫ፣ ለወገዳና ለመካነ ኢየሱስ ገበያ የሚቀድመው ዲጂታል ራጅ ነው። ምስሉ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ላለ ራዲዮሎጂስት ተልኮ ይነበባል፤ ሲቲ ስካን የግድ የሚለው ሰው ብቻ ተለይቶ መንገድ ይጀምራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለነቀርሳ ልየታ የሚነሳ ራጅ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ፣ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሊነበብ እንደሚችል መክሯል። ሆኖም የድሮ ጠባሳ ፕሮግራሙን ያሳስተዋል፤ አክታው ሳይመረመር ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒት ቢደገም ወጪውም ጉዳቱም የሕመምተኛው ነው።

በሬውን ሸጦ ባሕር ዳር ድረስ የሄደ ገበሬ ፊልሙን ይዞ ሲመለስ አክታውን እንዴት እንደሚያወጣ የሚያሳየው ባለሙያ ካጣ፣ በበሬው የገዛው ወረቀት ነው። በማሽኑ አጠገብ አንባቢና አካሚ ያላዘጋጀ ነጋዴም ደንበኛውን የሚያየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ተመልሶ የሚመጣው ፎቶ ወዳነሳው ሳይሆን ወዳሻለው ቤት ነውና።