ሌሊት የሚያስል ቧንቧ

ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ግድግዳችን ያስላል። ቀልዴን አይደለም። መጀመሪያ ከሩቅ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ እንደ አሮጌ አይሱዙ «ቷ ቷ ቷ» ይላል፤ ከዚያ ቧንቧው ራሱ ግድግዳውን መደብደብ ይጀምራል። ከታናሽ እህቴ ጋር የተከራየናት ሰርቪስ ቤት አንዲት ክፍል ነች፤ አልጋውም ከዚሁ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው የተዘረጋው፤ ሌላ ቦታ የለውማ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተሳሳቅንበት። በሦስተኛው ሳምንት ግን የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ የሆነችው እህቴ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እየጣላት መሆኑን ነገረችኝ። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ውድ አንባብያን፣ ሶዶ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ይህንን ድምፅ ሳያውቀው አይቀርም። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ብዙውን ጊዜ ሰው በተኛበት። ታዲያ ለመሆኑ ቧንቧ ለምንድን ነው የሚጮኸው? ሁሉም ጩኸትስ አንድ ዓይነት ነው? እኔ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። አይደለም።

ከሳሉ ልጀምር። ውሃው ሲቋረጥ መስመሩ ባዶውን አይቀርም፤ በየቤቱ ክፍት በቀረ ቧንቧ በኩል አየር ይገባበታል። ፈረቃው ደርሶ ውሃ ሲለቀቅ ያ ሁሉ አየር ከፊት ከፊት እየተገፋ መውጫ ይፈልጋል። አየሩና ውሃው ግን ተራ ጠብቀው አይመጡም። ትንሽ አየር፣ ትንሽ ውሃ፣ እንደገና አየር እየሆኑ ይደባለቃሉ። አየር ይጨመቃል፣ ቀላልም ስለሆነ በፍጥነት ያልፋል፤ ውሃ ከባድ ነው፣ አይጨመቅም። ስለዚህ ከአየሩ ኋላ ተወርውሮ የመጣው ውሃ የቧንቧው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ በጡጫ የመምታት ያህል ነው። ቧንቧው ግድግዳው ላይ በደንብ ካልታሰረ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ወደ ግድግዳው ይተላለፋል። ግድግዳ ጥሩ ከበሮ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ ከዚህ ይለያል። ውሃው እየወረደ ሳለ ድንገት ስትዘጋው አንድ ጊዜ «ጓ!» የሚለው ነው። ይህን ጉዳይ በደንብ ያጠናው ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ሙከራ አድርጎ በ1898 ውጤቱን አሳትሟል። ነገሩ እንዲህ ነው። በቧንቧ ውስጥ የሚሮጥ ውሃ እንደ ረጅም ባቡር ነው፤ ፊቱን ድንገት ስትዘጋበት ከኋላ ያለው ይገጫል። የግጭቱም ግፊት በድምፅ ፍጥነት ወደ ኋላ ይሮጣል፤ በብረት ቧንቧ ውስጥ በሴኮንድ ከ1000 ሜትር በላይ ማለት ነው። ስሌቱን ከሠራነው፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ይሄድ የነበረ ውሃ በብረት ቧንቧ ውስጥ ድንገት ሲቆም ከ10 ባር በላይ ተጨማሪ ግፊት ይፈጥራል። 1 ባር ወደ 10 ሜትር ከፍታ ካለው ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው። እንግዲህ ከ100 ሜትር በላይ የቆመ ውሃ ለቅጽበት መክፈቻችሁ ላይ ዱብ አለ ማለት ነው! የፕላስቲክ ቧንቧ ትንሽ ስለሚለጠጥ ምቱ ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ ግን ካልታሰረ እሱም ይወራጫል።

ማንሻውን ሩብ ዙር ብቻ አዙረን የምንዘጋው ዘመናዊ መክፈቻ ለዚህ ዋነኛ ምክንያት ነው። የድሮው ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው፣ ምንም ቢያሰለች፣ ውሃውን ቀስ ብሎ ነው የሚያቆመው። ስለዚህ አንዱ መፍትሔ ብር አይጠይቅም፤ ቀስ ብሎ መዝጋት ነው።

የከተማችንም አቀማመጥ የራሱ ድርሻ አለው። ሶዶ የዳሞታ ተራራ ተዳፋት ላይ የተዘረጋች ከተማ ነች። ከላይ ካለ ማጠራቀሚያ የሚወርድ ውሃ በየ10 ሜትሩ ቁልቁለት 1 ባር ገደማ ግፊት ይጨምራል። በአንድ መስመር ላይ ከሆኑ፣ ታች ሰፈር ያለ ቧንቧ ከላይኛው ይልቅ ይጮሃል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሌሊት ተጠቃሚ ሲቀንስ ግፊቱ ይጨምራል። ቀን ዝም ያለ ቧንቧ ሌሊት የሚያብደው ለዚህ ነው፤ እርግጥ ቀን የገበያው ጫጫታና የባጃጁ ድምፅም ይሸፍነዋል።

ፉጨትና ማንቋረርስ? እሱ ብዙውን ጊዜ የጎማ ነገር ነው። መክፈቻው ውስጥ ያለችው ትንሽ ጎማ ስታረጅ ወይም ስትላላ ውሃው በጠባብ ቀዳዳ ሲሽሎከለክ ትንቀጠቀጣለች፤ ያፏጫል። መክፈቻውን ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱት ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋተኛዋ እሷ ነች። ጎማዋ ርካሽ ነች። ፀሐይ ስትጠልቅ ቆርቆሮ ሥር ያለ ቧንቧ «ቀጭ ቀጭ» የሚለው ደግሞ ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ ሲሸጋገር እየተኮማተረ ነው፤ አያሳስብም።

ወደ እኛ ግቢ ልመለስ። የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው፤ ሂሳቡ በተከራይ ቁጥር ይካፈላል። አከራያችንን «ማዘር» ነው የምንላቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ግን የውሃ ሂሳቡ ከፍ ሲል ጩኸቱ ከእኛ ግድግዳ ስለሚመጣ ጥርጣሬው እኛ ላይ አረፈ። «ልጆቼ፣ ሌሊት ሌሊት ምንድን ነው የምታጥቡት?» አሉን አንድ ቀን፣ ሌሎቹ ተከራዮች እየሰሙ። እህቴ አለቀሰች። ቤት እንልቀቅ ብዬ ደላላ ጠየቅኩ፤ በምንከፍለው ብር ሌላ ክፍል እንደማናገኝ በደቂቃ ውስጥ ገባኝ። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች፤ ቤት ፈላጊው እኔና እህቴ ብቻ አይደለንም።

ጋዜጠኝነት እማራለሁ ካልኩ አንድ ነገር ማጣራት አለብኝ አልኩና ሌሊት 8 ሰዓት በስልኬ መብራት ቆጣሪው አጠገብ ቁጭ አልኩ። የግቢው ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተዋል፤ የጣሪያው ሮቶ ግን ባዶ ነው። «ፍስስስ» የሚለው ሲጀምር ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ ኮከብ ትሽከረከር ጀመር። ውሃ ገና ጠብ አላለም! ሮቶው ሲጎድል ተንሳፋፊው ኳስ ወርዶ በሩን ክፍት ይተወዋል፤ አየሩ በቆጣሪው አልፎ በዚያ በኩል ይወጣል። አብዛኛው የቤት ቆጣሪ ውስጡ ያለችውን መዘውር የሚያዞርለት ነገር ካገኘ ይቆጥራል፤ ውሃ ይሁን አየር አይለይም። ሂሳቡ የጨመረው በሙሉ በአየር ነው ማለቴ አይደለም፤ ያን ያህል አልለካሁም። በማግስቱ ሌሊት ግን ማዘርን ቀስቅሼ አሳየኋቸው። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ጎንበስ ብለው አዩና «ወይ ጉድ! ለነፋስ ነው እንዴ የምንከፍለው?» አሉ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስለ ማጠብ አላነሱም።

ቧንቧ ሠራተኛው ሲመጣ የሠራው ሥራ ያን ያህል ውስብስብ አልነበረም። መዳፉን ቧንቧው ላይ አድርጎ ውሃ አስከፈተ፣ አዘጋ። ወደ ሮቶው የሚወጣው ቧንቧ በሁለት ቦታ ማያዣው ወልቆ ነበርና በአዲስ አሰረው፤ በቧንቧውና በግድግዳው መካከልም ከአሮጌ ከመነዳሪ የቆረጠውን ጎማ ሸጎጠበት። የሮቶው ተንሳፋፊ መዝጊያም አርጅቶ ነበር። ሮቶው ሊሞላ ሲል የውሃው ማዕበል ኳሱን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ መዝጊያውም በየሴኮንዱ ከፈት ዘጋ ይላል፤ ማለቂያ ላይ የምንሰማው ድብደባ እሱ ኖሯል። እሱም ተቀየረ።

ሌላ መንገድም አለ። ከመክፈቻው አጠገብ ወደ ላይ የቆመ፣ ጫፉ የተደፈነ አጭር ቧንቧ ማስገጠም ነው። ውስጡ የሚታመቀው አየር እንደ ትራስ ሆኖ ምቱን ይቀበላል። ውሃ ሳይቋረጥ በሚውልበት አገር ይህ ትራስ ቀስ በቀስ ውሃ ይሞላበትና ሥራውን ያቆማል። እኛ ጋ ግን መስመሩ በየፈረቃው ባዶ ስለሚሆን ትራሱ ራሱ በአየር ይታደሳል። ፈረቃ ለአንድ ነገር እንኳን ጠቀመ!

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንዳንድ ሰው ውሃው ሮቶ ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ለማጥፋት ከመግቢያው ላይ ጎማ ቀጥሎ ታች ውሃው ውስጥ ይነክረዋል። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል። ነገር ግን መስመሩ ሲቋረጥና ባዶ ሲሆን የሮቶው ውሃ በዚያው ጎማ ተመጥቶ ወደ መስመሩ ሊመለስ ይችላል፤ ጎረቤትም ይጠጣዋል። ጎማው ከውሃው በላይ ቀርቶ ውሃው በሮቶው ግድግዳ ላይ እየተንሸራተተ ቢወርድ ይሻላል። ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰውን ደፍረስ ያለ ውሃም ለመጠጥ አትቅዱት፤ ለመጸዳጃ ይሆናል።

ወጪው የማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቤቱን በኪራዩ ዘመን በደህና ሁኔታ የመያዙን ግዴታ በአከራዩ ላይ ይጥላል፤ ጥቃቅኑ ጥገና የተከራይ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን የምንፈራው ወጪውን ሳይሆን «ካልተመቻችሁ ልቀቁ» መባልን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ክልሎች በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ ይወስናሉ፤ ስለዚህ የእናንተን ከተማ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ነው። የእኛ ውል የቃል ነበር። ማዘር ዕቃውን ገዙ፣ የእጁን እኛ ከፈልን፤ በሕግ ሳይሆን በቡና ነው የተስማማነው።

ሳሉ አልጠፋም። ፈረቃው እስካለ አየሩም ይመጣል፤ «ፍስስስ» አሁንም 8 ሰዓት ላይ ይሰማል። ድብደባው ግን የለም፤ እህቴም አትነቃም። እኔን የሚቀሰቅሰኝ አሁን የስልኬ አላርም ነው፤ ጀሪካኖቹን መሙላት አለብኝና።