ወረቀቱ ውስጥ ያለው ሙጫ

ጠጋ በሉማ፤ ከባንኮኒው ኋላ የምናወራውን ልንገራችሁ። እዚህ ደሴ፣ ሆጤ ላይ ደንበኛ ማተሚያ ቤት ገብቶ «ጥሩውን ወረቀት ስጡኝ» ሲለን፣ ነጣ ያለውንና ደንደን ያለውን እናወጣለታለን። ነጭነት በዓይን፣ ውፍረት በጣት ይታወቃል። ዕድሜውን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ግን አይታይም፤ ወረቀቱ ውስጥ የገባው ጥቂት ሙጫ ወይም ስብ ነው።

የእንጨት ቃጫ ውሃ ይወዳል። ወረቀቱ እንዲያው ቃጫ ብቻ ቢሆን፣ የብዕር ቀለም ሥር እያወጣ ይሰራጭበት ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ውሃ የሚገፋ ነገር ይጨምርበታል። ጀርመናዊው ሞሪትዝ ፍሪድሪክ ኢሊግ እ.ኤ.አ. በ1807 ይፋ ያደረገው መላ፣ የፓይን ዛፍ ሙጫን አሉም ከሚባለው የአልሙኒየም ጨው ጋር ማዋሐድ ነው። አሉሙ የሙጫውን አሲዳም ጫፍ ከቃጫው ጋር ያስረዋል፤ ውሃ የሚሸሸው ጀርባው ወደ ውጭ ይቀራል።

እኔን ሁሌ የሚደንቀኝ የሙጫው መንገድ ነው። ፓይን በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ሲቀቀል፣ እንጨቱ ውስጥ ያለው ሙጫና ስብ ሳሙና ይሆናል። ሳሙናው ከጥቁሩ የቅቅል ውሃ በላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፋል፤ ሰልፈሪክ አሲድ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ቅባት ይመለሳል። ቅባቱ ሲነጠር ሙጫው ለብቻ፣ የስብ አሲዱ ለብቻ ይወጣል። እንዲህ ከዛፉ የተባረረው ሙጫ ዞሮ ወረቀት ውስጥ ይገባል። በደንብ ያልታጠበው ደግሞ ይጓጉልና ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። አንዳንድ ወረቀት ላይ ቆሻሻ መስሏችሁ በጥፍር የምትፍቁት ቡናማ ነጥብ እሱ ሊሆን ይችላል።

የጦሳ ተራራ ባሕር ዛፋችን ጠባዩ ለየት ይላል። የፓይን ዓይነት የሙጫ አሲድ የለውም፤ ቅባቱ ውስጥ ግን ሳሙና ለመሆን እምቢ የሚል ብዙ ነገር አለ። ስለዚህ አጥቦ ማስወጣቱ ይከብዳል፤ ባሕር ዛፍ የሚቀቅሉ ፋብሪካዎች እንዳይለጠፍ ታልክ ይጨምሩበታል። እኛ አገር የወንጂው ወረቀት ፋብሪካ ከውጭ በገባ ፐልፕ (የተዘጋጀ ቃጫ) ሲሠራ ስለኖረ፣ ይህን ጣጣ በቅርብ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ወረቀት ሠሪ ሙጫና ስብ ሲጨምር፣ የብራና ባለሙያዎች ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ። እነሱ የፍየሉን ቆዳ ወጥረው ስቡን ፍቀው ያወጣሉ፤ ስብ ካለበት ቀለሙ አይዝማ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ ያሠሩት ወንጌል በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ ነው። ዛሬም ይነበባል።

ወደ ወረቀት ስንመጣ ግን የአሉም ነገር አለ። አሉም አሲዳም ጨው ነው። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ የቃጫውን ረጅም ሰንሰለት በየዓመቱ ይቆራርጠዋል፤ ወረቀቱ ታጥፎ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙ ይረግፋል። ቢጫነቱን ሁሉ በአሉም አታሳብቡ፤ ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ቶሎ ቢጫ የሚሆነው ሊግኒን በሚባል፣ ውስጡ በቀረ የእንጨት ንጥረ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ከስብ አሲድ የሚሠራ ኤ.ኬ.ዲ. የሚባል ነገር መጣ። ከቃጫው ጋር ያለ አሉም ይያያዛል። አሲድ ስለማይፈልግም፣ ፋብሪካው ለማንጫ ካልሲየም ካርቦኔት መጨመር ይችላል፤ እሱም ኋላ የሚመጣውን አሲድ ያረክሳል። ዛሬ የምንሸጠው የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛው እንዲህ ነው።

እንግዲህ ሹክ ልላችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፤ ያ ተራ የኮፒ ደስጣ፣ ጠንካራ ሽፋን ካለው ውድ መዝገብ ይልቅ ሊቆይላችሁ ይችላል። ለዕድር መዝገብ፣ ለጋብቻ ውል፣ ለውርስ ወረቀት ስትገዙ ከዳሩ ቀጭን ቁራጭ ጠይቁ። ሳህን ላይ አቃጥሉና አመዱ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። ቸስ ብሎ አረፋ ካወጣ ካልሲየም ካርቦኔት አለው፤ ያንን ውሰዱ። ዝም ካለ ሌላ ደስጣ አስከፍቱ። እኛም ብንሆን ለራሳችን ስንመርጥ እንዲሁ እናደርጋለን።