ኮርማው ንጹህ ይሁን ድቅል?

ለሥጋ ከብት የሚያረባ ሰው ከሚያወጣው ወጪ ሁሉ ውጤቱ ረጅም ዕድሜ ያለው ለኮርማ የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ላም በዓመት አንድ ጥጃ ብትሰጥ ደግ ናት፤ ጎልማሳ ኮርማ ግን በአንድ ወቅት ከ25 እስከ 30 ላም ያጠቃል። ሴት ልጆቹ ለእርባታ ከቀሩ ደግሞ እሱ ታርዶ ከተበላ በኋላም ዘሩ ለብዙ ዓመት ከበረቱ አይወጣም። ታዲያ ሁለት ኮርማ ቢቀርብለት፣ አንዱ የዘር ሐረጉ የተመዘገበ ንጹህ ዝርያ፣ ሌላው ከሁለት ዝርያ የተወለደ ድቅል ቢሆን፣ የትኛውን ይግዛ? ብዙው ገዢ ኮርማዎቹን እየዞረ ሻኛቸውንና ወገባቸውን ያያል። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለባቸው እቤት ያሉት ላሞች ናቸው ባይ ነኝ።

ይህን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ብዙ ከደከሙት አንዱ በአሜሪካ ነብራስካ ግዛት፣ በክሌይ ሴንተር የሚገኘው የሥጋ እንስሳት ምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው ቀድሞ የባሕር ኃይሉ የጥይት ማከማቻ በነበረ ሰፊ መሬት ላይ ነው። ሥራው የጀመረው ግን ከዚያ በፊት፣ እዚያው ነብራስካ ውስጥ ፎርት ሮቢንሰን በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1957 ነበር። ኪት ግሪጎሪና ባልደረቦቹ ሄርፎርድ፣ አንገስና ሾርትሆርን የተባሉትን ሦስት ዝርያዎች በንጹህነታቸው አረቡ፤ ጎን ለጎንም እርስ በርስ አዳቀሏቸው። ድቅል ላም ከሌላ ዝርያ ኮርማ ድቅል ጥጃ ስታሳድግ፣ ለኮርማ በቀረበች በእያንዳንዷ ላም ሂሳብ የተገኘው ጡት የጣለ ጥጃ ክብደት ከንጹሆቹ በ23 በመቶ ገደማ በለጠ። ከዚህ ትርፍ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመጣው ከእናቲቱ ድቅልነት ነው። ጥጃው ራሱ ድቅል በመሆኑ የተገኘው ቀሪው ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አንድ ዝርያ በራሱ ክልል ተዘግቶ ለብዙ ትውልድ ሲዋለድ አንዳንድ ደካማ ዘረመሎች በውስጡ ይሰርጻሉ። የሁለቱም ወላጆች ዝርያ አንድ ሲሆን ጥጃው ያንኑ ድካም ከአባትም ከእናትም ይቀበላል። ወላጆቹ ከተራራቀ ዘር ሲሆኑ ግን የአንዱን ጉድለት የሌላው ይሸፍነዋል። ባለሙያዎች ሄትሮሲስ የሚሉት ይህንን ነው። ጎልቶ የሚታየውም በመራባት፣ በጥጃ በሕይወት መትረፍና ላሟ በመንጋው በምትቆይበት ዕድሜ ላይ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ከንጹህ ዝርያ ውስጥ በመምረጥ ብቻ ቶሎ የማይሻሻሉ ጠባዮች ናቸው። የሥጋው ጥራት ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚስተው ነገር አለ። የኮርማው የራሱ ድቅልነት ወደ ጥጃው አይተላለፍም። ኮርማ ለልጁ ከእያንዳንዱ ጥንድ ዘረመል አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ ጥጃው የሚበረታው ያ አንዱ ከእናቲቱ በሚለይበት መጠን ነው። አንድ ሰው ላሞቹ በሙሉ ንጹህ አንገስ ናቸው እንበል። ንጹህ ሲመንታል ኮርማ ቢያስገባ ጥጆቹ የድቀላውን ብርታት ሙሉ በሙሉ ያገኛሉ። ግማሽ ሲመንታል ግማሽ አንገስ የሆነ ኮርማ ቢያስገባ ግማሹን ብቻ ያገኛሉ። ንጹህ አንገስ ቢያስገባ ምንም የለም። ስለዚህ ንጹህ ዝርያ ላሞች ላሉት ሰው ድቅል ኮርማ መግዛት ግማሹን ጥቅም እንደ መተው ነው። እንዲህ ያለ መንጋ የሚፈልገው ንጹህ ኮርማ፣ ያውም የሌላ ዝርያ ነው።

ላሞቹ ቀድሞውኑ ድቅል ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። ብርታቱን ሳያጡ ለመቀጠል አንደኛው መንገድ ንጹህ ኮርማዎችን በየተራ ማፈራረቅ ነው። በሁለት ዝርያ ሲፈራረቅ የመጀመሪያው ትውልድ ብርታት 67 በመቶው፣ በሦስት ዝርያ 86 በመቶው ይጠበቃል። በወረቀት ላይ ያምራል። ይሁንና ይህን የሚያደርግ ሰው ሁለትና ሦስት ኮርማ፣ የተለያየ የግጦሽ ክልል፣ እያንዳንዷን ላም በአባቷ ዘር የሚለይ ምልክትና መዝገብ ያስፈልገዋል። ሠላሳ ላምና አንድ ኮርማ ያለው ሰው ከየት ያመጣዋል? ኮርማውን በየጥቂት ዓመቱ ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው ቢለዋውጥም መንጋው በየትውልዱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። በሞቃት አገር፣ ግማሹ ደም ዜቡ ከሚባለው ሻኛማ ከብት ግማሹ ከአውሮፓ ዝርያ ሲሆን፣ ይህ ውዝዋዜ ሙቀትና መዥገር መቋቋምን አብሮ ስለሚያናጋ አደገኛ ነው።

ድቅል ኮርማ ቦታው እዚህ ነው። ከአራት ዝርያ እኩል እኩል ተቀይጦ የተረጋጋ ዘር፣ ያለ ሌላ ዝርያ ኮርማ በራሱ ውስጥ ሲዋለድ፣ 75 በመቶውን ብርታት ይዞ ይዘልቃል፤ ከሁለት ዝርያ ብቻ የተቀየጠ ግን 50 በመቶውን። በአገራችን የወተት ላም አርቢዎች ይህን የግማሽ ኪሳራ በደንብ ያውቁታል፦ የሆልስታይንና የቦረና የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ግሩም ሆና፣ ድቅሏ ከድቅል ኮርማ የወለደቻት ልጅ እናቷን አታክልም።

ድቅል ኮርማን የሚጠሉ ሰዎች «ጥጆቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ ዥንጉርጉር ይሆናሉ» ይላሉ። ክሌይ ሴንተር ይህንንም መርምሮታል። ግሪጎሪ፣ ላሪ ከንዲፍና ሮበርት ኮክ ማርክ አንድ፣ ማርክ ሁለትና ማርክ ሦስት የተባሉ ቅይጥ ዘሮችን ፈጥረው ለትውልዶች ተከታተሏቸው። በዕድገትና በሥጋ ጠባይ ረገድ በቅይጦቹ መካከል የታየው ልዩነት በንጹሆቹ መካከል ከሚታየው ጋር ተቀራራቢ ሆነ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። የቆዳ ቀለም ግን እውነትም ይዘበራረቃል፤ ገበያ ደግሞ ቀለም ያያል። እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው ሰርቲፋይድ አንገስ ቢፍ የተባለው የሥጋ መለያ ከብት ሲቀበል በመጀመሪያ የሚያየው አብላጫው ቆዳው ጥቁር መሆኑን ነው፤ ንጹህ አንገስ መሆኑን አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን በጽኑ መያዝ አለበት። ታቅዶ የተዳቀለ ኮርማና ሳይታሰብ የተወለደ ኮርማ አንድ አይደሉም። የንጹህ ዝርያ ማኅበራት ለብዙ ትውልድ የያዙት የልደት ክብደት፣ የዕድገትና የእናትነት መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው። ድቅል ኮርማም የሚገዛው የሁለቱ ወላጆቹ መዝገብ ሲታይ ብቻ ነው። ከጎረቤት በረት ርካሽ ሆኖ የተገኘ ድቅል ወይፈን ታርዶ ቢበላ ይሻላል።

ለእኛ ጉዳዩ ከነብራስካ የራቀ አይደለም። የቦረና ከብት ራሱ ክሌይ ሴንተር ተፈትኗል። ከደቡብ ኢትዮጵያ የመነጨውን ይህን ዝርያ የኬንያ አርቢዎች መርጠው አሻሻሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1951ም ማኅበሩን አቋቋሙለት። ከዚያ በዛምቢያ በኩል በፅንስ መልክ አውስትራሊያ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹም ነብራስካ ውስጥ ብራህማን ከተባለው የዜቡ ዝርያ ጋር ተወዳደረ። የቦረና ጥጆች በክብደት ከብራህማን ጥጆች አነሱ፤ ሲወለዱ ግን ቀለል ያሉ ነበሩ፣ ሴቶቹም ቶሎ ለርቢ ደረሱ።

እንዲህ ያለ ድቀላ የሚቻለው ንጹሁ እስካለ ድረስ ነው። ቦረናዎች ግዙፉን ከብታቸውን ቆርቲ፣ ከደጋው ዘር ጋር የተቀላቀለውን አነስተኛውን አዩና ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲከሽፍ ብዙ መንጋ አለቀ፤ ከድርቅ በኋላ በረቱን የሚሞላ ቤተሰብ የሚገዛው ያገኘውን ነው፣ አዩናም ቢሆን። ከብት ወደ ውጭ ላኪዎች ደግሞ ለአዳማ ማድለቢያ የሚመርጡት ያልተኮላሹ የቦረና ወይፈኖችን ነው፤ ለዘር የሚሆነውም ከእነዚሁ መካከል አብሮ ይሄዳል። ያቤሎ አጠገብ ያለው የዲዳ ጡዩራ ርባታ ጣቢያ ንጹሁን ዝርያ ለማቆየት የተቋቋመ ነው። እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ከአንድ በላይ ያስፈልጉናል።

ትንንሽ የደጋ ላሞች ያሉት አርቢ መዝገብ ያለው ንጹህ የቦረና ኮርማ ቢያገኝ ጥሩ ምርጫ ነው። ሁለቱም ዜቡ ስለሆኑ የድቀላው ብርታት ከአውሮፓ ዝርያ ጋር ሲዳቀሉ ከሚገኘው ያንሳል፤ ሙቀቱንና መኖ እጥረቱን ግን ጥጆቹ ይችሉታል። ኮርማው ከዚህ በፊት የወለዱ ትልልቅ ላሞችን ያጥቃ፤ ጊደሮቹ ትንሽ ጥጃ በሚሰጥ ኮርማ ይጠቁ። የራሱ ሴት ልጆች ለርቢ ሳይደርሱ ደግሞ ኮርማው ተሽጦ ወይም ከሌላ አርቢ ጋር ተለዋውጦ ከበረቱ ይውጣ።